የድንቢጦቹ ኮት

መስከረም 8

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ደጃፍ ላይ ሳይቆም ዘልቆ እስከ ስፌት ክፍሉ ይድረስልኝ። እርስዎ፣ እትዬ፣ ቤቱም ጓሮውም እንዴት ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ልደውል አስቤ ነበር። ግን እርስዎ በስልክ ማውራት ሳይለኩ መቁረጥ ነው ብለው ስለማያነሱ ብዕር አነሳሁ። እትዬን ግን በስልክ አግኝቻቸዋለሁ። የሱቁን ታፔላ ሊሰቅሉ ወጥተው ከመሰላል መውደቅዎን፣ የቀኝ እጅዎ አንጓ መሰበሩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አጥንቱ ገጥሟል፣ ቀሪውን ራሱ ይንገርሽ ብለው ስልኩን ዘጉ። እትዬ ሳይቆጡ ሲዘጉ ደግሞ ደስ አይለኝም።

ሥራዬ ጥሩ ነው። የልብስ ማስተካከያ ሱቃችን ከመሬት በታች ስለሆነ መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ጫማና የሱሪ ጫፍ ብቻ። ማን አሳምሮ እንዳሳጠረ፣ ማን እንዳበላሸ ከታች ሆኜ እፈርዳለሁ። አለቃዬ ምላሷ ቁጥብ ነው። የሰፋሁትን ገልብጣ ታያለች፤ ካልተናገረች ወዳዋለች ማለት ነው።

ብርዱ ከደጅ ቆሟል። ወደዚህ ባዕድ አገር ልሄድ ስል ቆርጠው፣ ከኋላሽ ሰፍቼ እልከዋለሁ ያሉኝን ሰማያዊ የሱፍ ኮት እየጠበቅሁ ነው። ላጣድፍዎ አይደለም። እጅዎ እንዴት እንደሆነ ከራስዎ ልስማ ብዬ ነው።

እትዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ


መስከረም 29

ለቁልፌ፣

ስምሽን ለፖስታ ቤቱ ትቼዋለሁ። ለእኔ በልጅነትሽ የሰው ኮት ቁልፍ የዋጥሽ ዕለት የወጣልሽ ስም ይበቃል። ሰላምታዬ በድርብ ስፌት ተሰፍቶ ሳይተረተር ይድረስሽ። አክስትሽ ደህና ናት፤ የምትቆጣው ካላጣች ምን ትሆናለች።

ስለ እጄ ጠየቅሽ። አጥንቱ ገጥሟል። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ግን ተኳርፈዋል፤ አንገናኝም ብለዋል። መቀስ ስይዝ ይወድቃል። መርፌማ አይታሰብም። ሐኪሙ የላስቲክ ኳስ ሰጥቶ በየቀኑ ጨብጥ አለኝ። በልጅነቴም ኳስ አልሆነልኝም፣ ዛሬ በሽበቴ አልጀምርም።

ስለዚህ በቃኝ። ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዬን ልግዛ ብሎ ጠይቋል። ጥር ላይ መጥቶ ይወስዳታል። ኮትሽ እንደተቆረጠ በአንሶላ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። እዚያ የሚሰፋልሽ ሰው ፈልጊና አድራሻውን ላኪልኝ፤ እንዳለ እልክልሻለሁ። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ ከፍቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ትከሻ ሳስተካክል ኖሬ አሁን የራሴን ሸሚዝ አክስትሽ ትቆልፍልኛለች።

አሁን ደግሞ የሚያስቅ ልንገርሽ። ከሥራው የተረፈውን የቁርጥራጭ ጆንያ አክስትሽ እንድትጥለው ነግሬያት ጓሮ አወጣችው። ነፋስ ገልብጦ በተነው። ወዲያው ድንቢጦች ወረዱበት። አንዷ ከራሷ የሚበልጥ የሸሚዝ ኮሌታ ብጣሽ ነክሳ መብረር አቅቷት በእግሯ ስትሄድ አየሁ። ከወደቅሁ ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት።

ስለዚህ የሽንኩርት መረብ ከረጢት ወስጄ ቁርጥራጭና ክር ሞልቼ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንጠለጠልኩት። ብታዪው ሱቅ የከፈትኩ ይመስልሻል። ከኮትሽ የተረፈው ሰማያዊ ሱፍም አለበት፣ እሱን ይሻሙበታል። ጎጇቸውን ከስፌት ክፍሉ መስኮት በላይ፣ ከጣሪያው ሥር እየሠሩ ነው። ጥሩ ደንበኞች ናቸው። አይለኩም፣ አይከራከሩም፣ ነገ ይድረስልኝ አይሉም።

አድራሻውን አትርሺ።

አጎትሽ


ጥቅምት 14

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ጓሮዎም እንደሞላ ይኑር።

አድራሻ አልላክሁም። የሚሰፋልኝ ሰው ፈልጌ አጥቼ አይደለም፤ አልፈለግሁም። እርስዎ የቆረጡትን ሌላ ሰው ሲሰፋው ማየት አልችልም። ኮቱ ሳጥኑ ውስጥ ይተኛ፤ ልብስ ተኝቶ አይርበውም።

የድንቢጦቹን ነገር ግን ሱቅ ውስጥ ሳወራ ዋልኩ። አንዲት አሮጊት ደንበኛ አለችን። ቀሚሷን አንድ ጊዜ አጥብቢው፣ አንድ ጊዜ አስፊው እያለች ታመላልሰዋለች፤ ነገሩ ቀሚሱ ሳይሆን ወሬው ነው። ሰገነቷ ላይ የወፍ መዓት ነው የምታኖረው። ስለ እርስዎ ከረጢት ስነግራት ከወንበሯ ተነሳች።

«ክሩ ምን ያህል ይረዝማል?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ረጅም ክር የጫጩት እግር ላይ ይጠመጠማል አለች። ጫጩቱ ሲያድግ ክሩ ስለማያድግ ይቆርጠዋል፣ አለዚያም ከጎጆው ጠርዝ አንጠልጥሎ ያስቀረዋል። ስለዚህ ክሩም ብጣሹም ከጣት ማጠር አለበት። ናይለንና ፖሊስተር ጭራሽ አይገባም፤ ጥጥና ሱፍ ብቻ። ይህን ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነበር። ጋሼ፣ ደብዳቤው እንደደረሰዎ ከረጢቱን ይዩልኝ። እርስዎ ክር ማሳጠር እንደማይወዱ ስለማውቅ ፈርቻለሁ።

ኳሱንም ይጨብጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ እንቁላል አልጠፋም።

ልጅዎ


ጥቅምት 30

ለቁልፌ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፣ ጤናሽ ይከተል። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ።

ልጄ፣ ልብስ ሰፊ ክር አያሳጥርም። ከክንድ ያነሰ ክር ለመርፌ አይበቃም ብዬ አንቺን ራስሽን ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ። ለድንቢጦቹም ረጃጅሙን መርጬ ሰጠሁ። ያውም ምርጡን፣ የኮት ቁልፍ የምሰፋበትን ናይለን። የለገስኩ መስሎኝ ኮርቼበት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት እናቲቱ ስትጮህ ወጣሁ። አንድ ጫጩት ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሏል። ናይለኑ አንድ እግሩን ይዞታል፤ በተፈራገጠ ቁጥር ይጠብቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር፤ ለጫጩት አንዱ ክር በቂ ነው።

መሰላሉን አክስትሽ ከወደቅሁ ወዲህ ደብቃዋለች። ጠየቅኋት። ፊቴን አየችና ከአልጋው ሥር ጎትታ አመጣችው። ወጣሁ። እሷ ከታች ያዘችልኝ። ጫጩቱን በግራ እጄ ደገፍኩት። ሰውነቱ ትኩስ ነው፤ ልቡ ከመኪናዬ ይፈጥናል። ግራዬ ስለተያዘ መቀሱ ለዚያ ለኩርፈኛው እጅ ቀረ። ወደቀ። አክስትሽ አንስታ ሰጠችኝ። ደግሞ ወደቀ። ደግሞ ሰጠችኝ። ከዚያ ክሩን ከእግሩ ሥር አየሁት፤ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። ሌላውን ሁሉ ረሳሁ። ቆረጥኩት፣ ቀስ ብዬ ፈታሁት፣ ጫጩቱን መለስኩት፣ ወረድኩ።

አክስትሽ መሰላሉን ሳትለቅ፣ «በየትኛው እጅህ ነው የቆረጥከው?» አለችኝ።

እጄን አየሁት። መቀሱ አሁንም እንደተዘጋ በሁለቱ ጣቶቼ መካከል ነበር።

ከረጢቱን አውርጄ ባዶ አደረግሁት። ናይለኑን አክስትሽ አቃጠለችው። አሁን ጠዋት ጠዋት ጓሮ ተቀምጬ ጥጡንና ሱፉን ብቻ እየለየሁ ከጣት አሳጥሬ እቆርጣለሁ፣ በቀኜ። ሲጀመር እንባዬ እስኪመጣ ያማል። የአንድ እፍኝ ያህል ስቆርጥ ፀሐይ አናቴ ላይ ትደርሳለች። ጫጩቱ በዚያ እግሩ ያነክሳል፣ ግን ይበላል፣ ይጮሃል፣ እንደ አክስትሽ ይቆጣል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሱቃችሁ ውስጥ ቀለበት የሌላት፣ ሲጫኗት ቆርጣ ራሷ የምትከፈት ትንሽ የክር መቀስ ካለች ላኪልኝ። ለድንቢጦቹ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 21

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምዎን እያመሰገንኩ ለእትዬም ለአንካሳውም ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

መቀሷ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለች። አለቃዬ ለማን ነው አለችኝ። ለድንቢጦች አልኳት፤ ከሁለቱ የተሻለውን መርጣ ሰጠችኝ። ደብዳቤዎን ለአሮጊቷ አነበብኩላት። የጫጩቱ እግር ይድናል ወይ ብላ ጠይቃ ስለ እርስዎ እጅ አለመጠየቋ ገረመኝ። በመጨረሻ ግን «እጁ ድኗል፣ እሱ ራሱ ገና አልሰማም ይሆናል» አለች።

እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሁለት ሹራብ ደርቤ እሄዳለሁ። አለቃዬ ልብስ ሰፊ ሆነሽ ኮት የለሽም ወይ ብላ ብትጠይቀኝ፣ እየተሰፋልኝ ነው አልኳት። እስከ መቼ ብትለኝ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብኝ እንጂ ሌላ መግዛት አልፈልግም። ይህን የምጽፈው እንዲሰሙኝ እንጂ እንዲጨነቁ አይደለም።

ያ ሰውዬ ጥር ላይ መኪናዋን መውሰዱ አይቀርም? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ


ጥር 24

ለቁልፌ፣

ጤና ይስጥልኝ። መዘግየቴን አውቃለሁ፤ አትቆጪኝ፣ የሚቆጣኝ አላጣሁም።

ሰውዬው መጣ። ጋሪ ይዞ፣ ሁለት ተሸካሚ ይዞ። መኪናዋን አየ፣ ወደዳት። ከዚያ ጠረጴዛዋን በሩ ላይ አስጠግተው ለኩ። አትወጣም። ድሮም በመስኮት ነው የገባችው፣ ክፈፉን ነቅለን። ታዲያ መስኮቱን እንንቀለው አለኝ።

አይሆንም አልኩት። ድንቢጦቹ ሁለተኛ እንቁላል ጥለዋል፤ መስኮቱ ከተነቀለ ጎጆው ይወርዳል፤ ጫጩቶቹ ሳይበሩ መኪናዋ ከቦታዋ አትነቃነቅም ብዬ ቁርጡን ነገርኩት። ሰውዬው የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እንዳልቀለድኩ ሲያይ አክስትሽን አየ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ በሳቅ ይርገበገባል። ጋሪውን ባዶ እየገፋ ሄደ። መጋቢት ላይ እመለሳለሁ ብሏል።

መቀሷ ግሩም ናት። ከጣት አሳጥሬ የምቆርጠው ሱፍ አሁን ለሰፈሩ ድንቢጥ ሁሉ ተርፏል። አንካሳው ከበረረ ቆየ፤ አጥሩ ላይ ሲያርፍ በአንድ እግሩ ስለሚቆም እለየዋለሁ።

የትከሻሽን ስፋት፣ የእጅጌሽን ርዝመትና የደረትሽን ልክ ጻፊልኝ። በሹራብ ላይ ተለኪ። ለምንም አይደለም። ሰው ልኩን ማወቅ ስላለበት ነው።

አጎትሽ


የካቲት 10

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምዎ እንደ ልብዎ ይሁን።

ልኬ በዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። የለካችኝ አለቃዬ ናት፤ ደረቴ ላይ ትንሽ ጨምሬያለሁ፣ እትዬ እንዳይሰሙ። ለምን እንደጠየቁኝ አልጠይቅም። ልጠይቅ ብዬ ብዕሩን ሦስቴ አንስቼ መለስኩት። የጠየቅሁት እንደሆነ ይሸሻል ብዬ ፈራሁ፤ ወፍ ከእጅ ሲበላ ትንፋሽ ይዋጣል አይደል።

ልጅዎ


መጋቢት 19

ለልጄ ለቁልፌ፣

ሰላምታዬ ዛሬ ቀጭን አይደለም፤ ወፍራም ሱፍ ነው፣ ገበር ገብቶለታል። ጥቅሉን ከመክፈትሽ በፊት ይህን አንብቢ። ከፍተሽ ከሆነም አውቅሻለሁ፣ አልቀየምም።

ሰፋሁት። መኪናዋ የሰፋችው የእሷ ድርሻ ነው፣ እሱን አልቆጥርም። ኮሌታው ግን በእጅ ነው። ኪሱ በእጅ ነው። የእጅጌው ትከሻ ላይ የሚሰበሰበው ያ አስቸጋሪ ቦታ፣ አንቺን ያስለቀሰሽ፣ እሱም በእጅ ነው። መጀመሪያ በቀን የአንድ መዳፍ ያህል ብቻ እሰፋ ነበር፤ ከዚያ ጣቶቼ ያብጣሉ። በበነጋው የሰፋሁትን አይቼ አፈርሳለሁ። አክስትሽ ማታ ማታ ሙቅ ውሃ ታመጣልኝና እጄን ትነክርልኛለች፣ እየተሳደበች። አንድ ቀን ጠዋት የሰፋሁትን አየሁና የማፈርሰው አጣሁ።

ሦስተኛዋ የቁልፍ ቀዳዳ ትንሽ ተንጋዳለች። እሷ በእጅ የሠራኋት የመጀመሪያዋ ናት፤ የጀመርኩት ከመሃል ነው። አላፈረስኳትም። ቁልፎቹ አምስት የሆኑት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስድስት ነበሩ። አንዱ አንቺ ዘንድ ነው፣ ባለ ኮቱም ስድስቱን በሌላ ቀይሬለት ታረቀኝ። አምስቱን ለአንቺ ኮት ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ሰውዬው እንዳለው መጣ። ጫጩቶቹ በርረዋል፣ ምክንያት አልነበረኝም። ሲገባ የመጨረሻዋን ቀዳዳ እየሰፋሁ ነበር፤ ሰላም ሳልለው ቆሞ አየኝ። ሥራውን ያውቃል፣ ስለዚህ ምን እንደሚያይ ያውቃል። ክሩን አስሬ ቆረጥኩና ቀና አልኩ።

«ይህች መኪና አትሸጥም» አለኝ፣ እሱ ራሱ።

አትሸጥም አልኩት። እንዴት እንደጣፈጠኝ ብነግርሽ አታምኚኝም። የሽንኩርት ከረጢት ለምኖኝ ሄደ።

ከዚያ መሰላሉን አክስትሽ ይዛልኝ ባዶውን ጎጆ አወረድኩት። ውስጡ ላባና ጥጥ ነው። እንቁላሉ የሚተኛበት መሃሉ ግን ዙሪያውን ሰማያዊ ነው፤ የአንቺ ኮት ሱፍ፣ አጥር አጥር እያለ የተቆረጠው፣ አንድም ክር ያልተጠመጠመበት። ኮትሽን ከአንቺ ቀድመው ሁለት ጊዜ ለብሰውታል። ሙቀቱ የተፈተነ ነው ማለት ነው።

ኪሱን ፈትሺ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 13

ለማከብርዎ፣ ለማኮራብዎ ጋሼ፣

ሰላምታዬን እየዘለልኩ እንጂ እየቆምኩ አልጻፍኩትም፤ ፊደሌ የተንጋደደው ለዚያ ነው። እትዬን ደግሞ ሁለት እጃቸውን ይሳሙልኝ፣ መሰላል የያዙበትን።

ኮቱ ደረሰ። ብርዱ ግን አልቋል። ዛፉ ሁሉ አቆጥቁጧል፣ ሰው በሸሚዝ ነው የሚሄደው። እኔ ለብሼው ወጣሁ። እስከ አንገቴ፣ አምስቱንም ቁልፎች ቆልፌ። መንገድ ላይ ሰው ዞሮ ያየኛል፤ አበደች ይበሉ። ላብ አጠመቀኝ፣ አላወለቅሁትም። ትከሻው ላይ እጄን አሳርፌ እየዳሰስኩ፣ ይህን እጁ ነው የሰፋው፣ እጁ ነው እያልኩ አለቀስኩም ሳቅሁም። በአውቶብሱ ውስጥ መቀመጫ የለቀቁልኝ የታመምኩ መስሏቸው ነው።

ኪሱ ውስጥ ያገኘሁትን ከጣት ያጠረ ሰማያዊ ሱፍ በመረብ ከረጢት አድርጌ መስኮቴ ላይ ሰቀልኩት። ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ድንቢጥ መጣች። አየችኝ፣ አየችው፣ አንዱን ነክሳ ሄደች። እንግዲህ እንኳን ደስ አለዎት፣ በባዕድ አገርም ደንበኛ አፍርተዋል።

አለቃዬ ግን አስፈራችኝ። ሱቅ ስገባ ኮቱን አውልቂ አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ መነጽሯን አደረገች። ኮሌታውን በጣቷ ሄደችበት። እጅጌውን ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው። ሦስተኛዋን ቀዳዳ ስታገኝ ይቺን ፈትተሽ እንደገና ሥሪያት አለች። የአጎቴ እጅ የተመለሰው በእሷ ነው፣ ማንም አይነካትም አልኳት። ከዚያ እርስዎን፣ መሰላሉን፣ ጫጩቱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አንድም ቃል አልተናገረችም። መውደዷ ነው ብዬ ኮቴን ላነሳ ስል ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በእጄ ላይ አኖረችው።

«ለኪኝ» አለች።

ልኳ በዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። እርስዎ ኮት እንዲሰፉላት ጨርቁን ራሷ ትልካለች፣ ሱፍ ነው፣ ቀይ። ቁርጥራጩ የድንቢጦቹ እንደሆነ ከወዲሁ ተስማምተናል።

ልጅዎ ቁልፌ